ኪሽ በድሬዳዋ ሙቀት፦ ሊጡ ቀዝቃዛ፣ ውስጡ ደረቅ

ኪሽ በቅቤ ሊጥ ላይ እንቁላል፣ ወተትና ክሬም ተፈስሶበት፣ ከሥጋ ወይም ከአትክልት ጋር የሚጋገር የፈረንሳዮች ምግብ ነው። አገሩ ሎሬን ነው፤ ከጀርመን ጋር የሚዋሰነው የምሥራቅ ፈረንሳይ ክፍል። አሠራሩም የተጻፈው ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ላለው ሰው ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ ነገሩ ይለያል። ቅቤ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ ዘይት ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ድሬ ላይ ኪሽ አይጋገርም ማለት አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። ሊጡ ኦቭን እስኪገባ ድረስ ቀዝቃዛ ይሁን። ውስጡ የሚገባው ነገር ደግሞ ደረቅ ይሁን። ሁለተኛውን ነገር ሳንቡሳ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ የሳንቡሳ ሥጋ ውሃውን ካልጨረሰ ሊጡ ይቀደዳል፣ ዘይቱም ይንጣጣል። ኪሽም ላይ ሕጉ ያው ነው።

ድሬ ለፈረንሳይ ነገር እንግዳ አይደለችም። የተቆረቆረችው ፈረንሳዮች የሠሩት የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1902) ሲደርስ ነው። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶችም የባቡሩ ዘመን ሥራ ናቸው። ኪሽ ግን ቤታችን ገብቶ እንደ ሳንቡሳና ፈጢራ አልተለመደም። ቢለመድ በጣም ደስ ይለኛል። አንዱ ትልቅ ኪሽ ከሰላጣ ጋር ስድስት ሰው በደንብ ያጠግባል። ከቀኑ ቀደም ብሎ ተሠርቶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ፣ ማታ ስለሚበላ ለኢፍጣርም ለልደትም ይመቻል። እንቁላልና ወተት ስላለበት ለጾም አይሆንም።

ምን ያስፈልጋል?

ዳያሜትሩ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የኬክ መጋገሪያ ያስፈልጋችኋል። ታቹ የሚነቀለው ዓይነት ይሻላል፤ ሲበስል ሳይሰበር ይወጣል። የብረት ይሁን። የመስታወትና የሸክላ ሳህን ቶሎ ስለማይግል የታችኛው ሊጥ ጥሬ ይሆናል። መዳመጫ፣ የመጋገሪያ ወረቀት ወይም ፎይል፣ ግማሽ ኪሎ ያህል ጥሬ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ አዘጋጁ። ሽምብራው የሚበላ አይደለም፤ ለምን እንደሚጠቅም በኋላ እነግራችኋለሁ።

ለሊጡ፦ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 125 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የእንቁላል አስኳል፣ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ። ሚዛን ከሌላችሁ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ሳይጠቀጠቅ፣ 250 ግራም አካባቢ ይሆናል። ቅቤው ባለ 250 ግራም እሽግ ከሆነ ግማሹን ቁረጡ።

ለውስጡ፦ 200 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ እስር ቆስጣ፣ አንድ ትንሽ ድንች፣ ሁለት ቃሪያ፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ 100 ግራም የተፈቀፈቀ ፕሮቮሎኔ ቺዝ። ቆስጣውን ቀፊራ ገበያ በጠዋት ወርዳችሁ ግዙት። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ከመታው በኋላ ቅጠሉ ይጠወልጋል።

ለሚፈስሰው፦ 4 የፈረንጅ እንቁላል፣ 200 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ጨው፣ ካገኛችሁ ቁንጥር ገውዝ። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 4 አይበቃም፤ 6 አድርጉት።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር። የተነጠረ ቅቤ ለዚህ አይሆንም። ሲነጠር ውሃው ስለሚያልቅ ሊጡን ያፈረፍረዋል፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ደግሞ ክሬሙን ይጫነዋል። ለጋ ቅቤ ያለው ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ፣ አሬራውንም አስወጥቶ፣ ፍሪጅ ውስጥ አጠንክሮ ሊሠራበት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ግን የገበታ ቅቤውን እመርጣለሁ።

ሊጡ

ሊጡን ማለዳ ሥሩት። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ወጥ ቤቱም፣ ጠረጴዛውም፣ እጃችሁም ይሞቃል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ዱቄቱን ለክታችሁ ከነሳህኑ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ቅቤውን በትንንሽ ኩብ ቁረጡና አጠገቡ አስቀምጡ። አንድ ብርጭቆ ውሃም ፍሪጅ ይግባ። ሐረር የምትኖሩ በዚህ ላይ ይህን ያህል አትቸገሩም፤ ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ማለዳው ራሱ ያግዛችኋል። ድሬ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቅዝቃዜውን ራሳችሁ ማዘጋጀት ይኖርባችኋል።

ጠዋት ዱቄቱንና ጨውን ቀላቅሉ። ቅቤውን ጨምሩና በጣታችሁ ጫፍ ብቻ ከዱቄቱ ጋር ፈትጉት። መዳፍ አታስገቡ፤ መዳፍ ይሞቃል። በሹካ ጀርባ ወይም በሁለት ቢላዋ እየቆራረጡ መሥራትም ይቻላል፤ በሙቀት ጊዜ እንዲያውም ይሻላል። የምትፈልጉት ዱቄቱ ደቃቅ ፍርፋሪ መስሎ፣ በመሃሉ የምስር ፍሬ የሚያክሉ የቅቤ ቁርጥራጮች እንዲቀሩበት ነው። እነዚህ ቁርጥራጮች ኦቭን ውስጥ ሲቀልጡ ውሃቸው ተንኖ ሊጡን ሽፋን በሽፋን ያደርገዋል። ቀድመው ከቀለጡ ግን ዱቄቱ ቅቤውን ይጠጣዋል፤ የሚወጣውም ድርቅ ያለ ብስኩት ነው። በመሃል ቅቤው ማብረቅረቅና እጅ ላይ መቅለጥ ከጀመረ አትታገሉት። ከነሳህኑ ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና ከዚያ ቀጥሉ።

አስኳሉን በሦስት ማንኪያ በረዶ ውሃ በጥብጡና አፍስሱበት። ነጩን አትድፉት፤ በኋላ ያስፈልገናል። በሹካ እያገላበጣችሁ ሰብስቡት። ስትጨብጡት ከተያያዘ በቃው። ካልተያያዘ አራተኛውን ማንኪያ ጨምሩ። እዚህ ላይ የብዙዎቻችን እጅ ወደ ለመድነው የዳቦ ሊጥ ይሄድብናል፤ ማሸት እንፈልጋለን። ይህ ሊጥ ግን አይታሽም። ከታሸ ይለጠጣል፣ ሲጋገር ደግሞ ጎኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ዝርግ አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉትና ቢያንስ ለ1 ሰዓት ፍሪጅ ይግባ። ክብ ከማድረግ ዝርግ ማድረጉ ይሻላል፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ለመዳመጥም ይቀላል።

አንድ ሰዓቱ ሲሞላ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ዳምጡት። እንዲህ ከሆነ ተጨማሪ ዱቄት አይፈልግም፣ ከጠረጴዛውም ጋር አይጣበቅም። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ከመጋገሪያው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ይሁን። መጋገሪያው ላይ አስተኙትና ጠርዙን በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ጥጉ አስገቡት። አትጎትቱት። የተጎተተ ሊጥ ሲሞቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተረፈውን ከላይ ከርክሙ፤ ከቁራጩ ግን ጥቂት አስቀሩ። ታቹን በሹካ በሳሱት። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ወደ ፍሪዘር።

ውስጡ የሚገባው

ሊጡ እየቀዘቀዘ ይህን ጨርሱ።

ድንቹን ቀቅላችሁ ላጡትና ትንንሽ አድርጋችሁ ቁረጡ። ትንሽ ጥንክር ይበል፤ ከፈረሰ እንቁላሉን ያደፈርሰዋል። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ በጥቂት ዘይት፣ በለስላሳ እሳት አብስሉት። አትቸኩሉ፤ 15 ደቂቃ ይውሰድ። ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆንና ሲጣፍጥ ነው ለኪሹ ጣዕም የሚሰጠው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ የተፈጨው ሥጋ ይግባ። እሳቱን ከፍ አድርጉና ሥጋውን እየበታተናችሁ አብስሉት። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል። ውሃው እስኪያልቅ ቆዩ። ካለቀ በኋላም ሥጋው መጥበስ እስኪጀምርና ድምፁ እስኪለወጥ ቆዩ። ፍሬው የወጣለት ቃሪያ መጨረሻ ላይ ተከትፎ ይግባ፤ ቁንዶ በርበሬና ጨው ጨምሩ፣ አውጡ። ስቡ ብዙ ከሆነ በወንፊት አጥልሉት።

አሁን ቆስጣው። ኪሽን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ግንዱን አውጡና ቅጠሉን ብቻ ውሰዱ። የፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ነክራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ጭመቁት። ያለቀ ሲመስላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንደገና አጥብቃችሁ ጠምዝዙት። ከጨርቁ የሚወጣውን አረንጓዴ ውሃ ስታዩ ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ ይገባችኋል፤ ይህ ሁሉ ሊጡ ውስጥ ሊገባ የነበረ ነው። ተጨምቆ የሚቀረው አንድ ጭብጥ ነው። ክተፉት።

ሁሉንም ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙ። ትኩስ ሥጋ ሊጡ ላይ ከገባ ማለዳ የደከማችሁበት ቅዝቃዜ ባዶ ይቀራል።

ከሥጋው ይልቅ ቋንጣ ለማድረግ ለሚፈልግ በጣም እመክራለሁ። የሎሬኑ ኪሽ በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። ያን የጨውና የደረቅ ሥጋ ጣዕም በእኛ ቤት የሚተካው ቋንጣ ነው። 100 ግራም ይበቃል። አድቅቃችሁ ከሽንኩርቱ ጋር ጠብሱት፤ ጨውና ቅመም ስላለው ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። የግመል ሥጋ ከሆነ የተፈጨውን በትንሽ ውሃ ከድናችሁ እስኪለሰልስ አብስሉት፤ ከዚያ ክፈቱና እስኪደርቅ ጥበሱት። ሥጋ የማይበላ ሰው ቆስጣውን እጥፍ አድርጎ፣ በጨርቅ የተንጠለጠለ ደረቅ አይብ ይጨምር። ቲማቲምን ግን ተዉት። ቲማቲም ኪሽ ላይ ያምራል፣ ግን ውሃ ነው። ካልሆነ አይሆንልኝም ካላችሁ ፍሬውን አውጥታችሁ የቲማቲሙን ሥጋ ብቻ ከላይ አስቀምጡ።

ባዶውን መጋገር

ኦቭኑን 190 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ አግሉት። የቤት ኦቭን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ስለሚዋሽ፣ ትንሽ የኦቭን ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ፤ ኬክም ዳቦም ላይ ያገለግላችኋል።

የቀዘቀዘውን ሊጥ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወረቀት አልብሱትና ሽምብራውን እስከ ጠርዙ ሙሉት። ሽምብራው ክብደት ነው፦ ታቹ እንዳይነፋ፣ ጎኑ እንዳይወርድ ይይዘዋል። 20 ደቂቃ ጋግሩ። ከዚያ ወረቀቱን ከነሽምብራው አንሱትና ባዶውን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ መልሱት። ታቹ ደርቆ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ሽምብራው አይበላም፣ ግን ቀዝቅዞ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ለሚቀጥሉት ዓመታትም ለዚሁ ይሆናል።

የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ባስቀራችሁት ጥሬ ሊጥ ድፈኑት። ያቆያችሁትን የእንቁላል ነጭ በሹካ መትታችሁ ታቹንና ጎኑን በስሱ ቀቡት፤ ለ2 ደቂቃ ኦቭን ይመለስ። ነጩ ደርቆ ሽፋን ይሆናል፤ ወተቱ ወደ ሊጡ እንዳይሰርግ ይከለክላል። ይህን ደረጃ የሚዘል ብዙ ሰው ነው። እኔ ግን አልዘልም፤ ቁራጩን አንስታችሁ ታቹ ጥርስ ስር ኩርሽም ሲል ልዩነቱ ይታወቃል።

አሁን ኦቭኑን ወደ 160 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ።

እንቁላልና ወተት

ከበረት የመጣ ወተት ከሆነ አፍልታችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት። ትኩስ ወተት እንቁላሉን ያበስለዋል። ክሬም ካጣችሁ 400 ሚሊ ሊትር ወፍራም ወተት በሁለት ተጨማሪ አስኳል ተጠቀሙ። ወተት አፍልታችሁ የሰበሰባችሁት ስልባቦት ካለም ግማሽ ስኒ ያህል ከወተቱ ጋር ደህና አድርጋችሁ መትታችሁ ጨምሩ።

እንቁላሉን መጀመሪያ ለብቻ በሹካ ምቱ፤ ከዚያ ክሬምና ወተቱን እየቀላቀላችሁ አፍስሱ። አረፋ እስኪያወጣ አትምቱ። አረፋው ሲጋገር ተነፍቶ ቆይቶ ይወድቃል፣ ላዩንም ያበላሻል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ገውዝ ይግባ። ቺዙ ጨዋማ ስለሆነ ከዚህ አትለፉ።

ግማሹን ቺዝ ታቹ ላይ በትኑ። በላዩ ሥጋውን፣ ድንቹንና ቆስጣውን እኩል አሰራጩ። መጋገሪያውን ኦቭኑ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ እንቁላሉን በጆግ አፍስሱበት፤ ተሸክሞ ከመሄድና ከማፍሰስ ያድናል። ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። የቀረውን ቺዝ ከላይ ነስንሱ።

መጋገሩና መብራቱ

በ160 ዲግሪ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ከ35 ደቂቃ በኋላ መጋገሪያውን በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ዳር ዳሩ ከረጋ፣ መሃሉ ላይ የስኒ አፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ከተንቀጠቀጠ አውጡት። መሃሉ ጭምር እስኪጠነክር አትጠብቁ፤ ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሃሉን ይለካ፤ ከ77 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ደርሷል። ከ85 ካለፈ እንቁላሉ ይጨማደድና ውሃ ያወጣል። ያን ጊዜ ቆስጣውን በከንቱ ጨመቅነው ማለት ነው።

መብራት በመሃል ቢጠፋ የኦቭኑን በር አትክፈቱ። የኤሌክትሪክ ኦቭን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ 30 ደቂቃ ገደማ አልፎት ከሆነ ብዙ ጊዜ በያዘው ሙቀት ይረጋል። ገና ከገባ ግን ሌላ ነው። እንደዚህ ባለ ሙቀት ግማሽ ጥሬ የሆነ እንቁላልና ወተት አይቀመጥም። ጋዝ ኦቭን ያለው ጎረቤት ካለ ወዲያው ውሰዱት። ከሌለ ቶሎ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ፍሪጁም ተዘግቶ ይቆይ። ለብ ባለ ኦቭን ውስጥ ከ1 ሰዓት በላይ ከተቀመጠ ግን ይጣል። ያሳዝናል፤ የልጆች ሆድ ግን ይበልጣል።

ባዶው ሊጥ ብቻ ሲጋገር ከጠፋ ችግር የለውም። ቀዝቅዞ እስከ ማግስቱ ይቆያል። እንዲያውም መብራት በየቀኑ በሚቆራረጥበት ወቅት ሊጡን አንድ ቀን፣ ሙሉውን ኪሽ በሌላው ቀን መሥራት ጥሩ ዘዴ ነው።

መቁረጥና ማቆየት

ለ30 ደቂቃ ይረፍ። ትኩሱን ከቆረጣችሁት ይፈስሳል፤ ሲረጋ ግን ጠርዙን የጠበቀ ቁራጭ ይወጣል። ባለ ጥርስ ቢላዋ ተጠቀሙ። ሰላጣና ዳጣ አጠገቡ ካለ ሌላ አይፈልግም። ካቻፕ ለልጆች ይፈቀድ እንጂ ለትልቅ ሰው እኔ አላቀርብም፤ ክሬሙንና ሽንኩርቱን ይሸፍናል።

ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ከ1 ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። በቀዝቃዛ ቀን 2 ሰዓት ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ 3 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ በ150 ዲግሪ ኦቭን 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ማይክሮዌቭ ሊጡን ስለሚያላሽቀው ተዉት። ኦቭን ማግላት ከደከማችሁ ወፍራም መጥበሻ ላይ፣ ክዳን ከድናችሁ፣ በለስላሳ እሳት 8 ደቂቃ ያህል አሙቁት፤ ታቹ መልሶ ይጠነክራል።